ከማሽኑ ጀርባ የሚመልሰው

ፈጠራ ነው የሚል ካለ ከዚሁ ይለፈው፤ ቁጭ ብዬ ላሳምነው ጊዜ የለኝም። የሆነውን ነው የምናገረው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ወንድሜ ሥራ ላይ ነው። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ «የእሑድ ብረት»ን እሰማለሁ።

አታውቁትም። ማንም አያውቀውም።

ታላቅ ወንድሜና ጭስ የምንለው ባልደረባው፣ በሚሠሩበት ብረታ ብረት ቤት በዕረፍት ቀናቸው የቀረጹት የሜታል አልበም ነው። ከበሮ የለውም። ከበሮው የቆርቆሮ መቁረጫው ማሽን ነው። ጊታሩ ብረት ሲሞረድ የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል፤ ጭስ ደግሞ አንገቱን በርሜል ውስጥ ከትቶ ይዘፍናል። እናታችን አንዴ ሰምታ «ምን ወደቀ?» ብላ ከጓዳ ሮጣ መጥታለች።

እኔ ግን ደጋግሜ ስሰማው ገባኝ... ማሽን ሲደክመው የሚያንጎራጉረው ዜማ አለ። እነሱ ያንን ሰምተውታል። እንዲህ ያለ አልበም ተረስቶ መቅረቱ ስላናደደኝ ነው ለዚህ ቻናል ልጽፍላችሁ የተቀመጥኩት።

ከሁሉ የምወደው አራተኛውን ዘፈን ነው።

ማሽኑን የሚያሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከፊት ቆርቆሮ ያስገባል፣ ሌላው ከኋላ ይቀበላል። አይተያዩም። ስለዚህ የፊተኛው የማሽኑን ብረት ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ «እጅህን አውጣ» ማለቱ ነው። የኋለኛው አንዴ ይመልሳል፤ «አውጥቻለሁ።» ያኔ ስለቱ ይወርዳል።

ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ይኸው ነው።

ኳ ኳ... ኳ... ዷ!

ባለፈው ሳምንት ወንድሜን ጠየቅኩት።

«ጭስ ከፊት ነበር፣ አንተ ጊታር ይዘሃል። ከኋላ የሚመልሰው ማን ነው?»

ማንኪያው አፉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማንም።»

«አትቀልድ።»

«ባዶውን ነው ያስኬድነው። ቆርቆሮም አላስገባንም። የሚመልስ ሰው የለም እኮ!»

«ታዲያ እኔ የምሰማው ምንድን ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን ታጠቢ» አለኝ።

ግን አልሳቀም።

እና ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ አራተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ... መልሱ ዘገየ።

ፋይሉ የተበላሸ መሰለኝ። ወደ ኋላ መልሼ ከፈትኩት። ይባስ ዘገየ።

ኳ ኳ...

ምንም።

ከሥር ትንፋሽ ይሰማል። የጭስ አይደለም። አንድ ነገር ይዞት የሚታገል ሰው ትንፋሽ...

ኳ ኳ...

መጠበቅ አልወድም። ሊፍት ሲዘገይ በደረጃ የምወጣ ሰው ነኝ። ሳላስበው ጠረጴዛውን በቀለበቴ አንዴ መታሁት።

ኳ።

ዷ!

ከዚያ ጸጥ። ዘፈኑ ገና አልተጋመሰም ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ጭስ ነው።

«ወንድምሽ ደህና ነው፣ አትደንግጪ።»

እንዲህ ተብሎ የማይደነግጥ ማን አለ?

«ምን ሆነ?!»

«አንኳኳሁ፣ ዘገየብኝ። ደግሜ አንኳኳሁ። መለሰልኝ... በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ስለቱን ለቀቅኩት።»

«እና?»

«አልመለስኩም ይላል። እሱ የሚመልሰው በመዶሻ እጀታ ነው። የሰማሁት ግን ቀጭን ነው... እንደ ቀለበት።»

ቀለበቴን አወለቅኩት። ክፍሌ ገብቼ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩትና በሩን ቆለፍኩበት።

ወንድሜ መጣ። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የጓንቱ ጣቶች እንደ ወረቀት ተቆርጠዋል። ቆርቆሮው ጓንቱን ይዞበት ሲታገል፣ እጁን ከውስጡ መዞ ያወጣው ስለቱ ሲወርድ ነው።

«ዘፈኑን ስትሰሚ ነበር?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«መለስሽ?»

ቀለበት የነበረበትን ጣቴን ደበቅኩ።

«ሁለተኛ እንዳትመልሺ። እሱ... አንዴ ከመለሱለት...»

አልጨረሰውም።

አልበሙን አጥፍቼዋለሁ። ይህንንም በጣቴ አይደለም የምጽፈው፤ እኔ እናገራለሁ፣ ስልኬ ይጽፋል። እጆቼ ብብቴ ውስጥ ናቸው። ወንድሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እጆቹን አጣጥፏል። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

አሁን...

ከጠረጴዛው ሥር...

ኳ ኳ።

ወንድሜ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አልተንቀሳቀስንም። እኔ በሹክሹክታ ብቻ ነው የምናገረው።

ከተቆለፈው ክፍሌ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ... ቀጠን ብሎ...

ኳ።