የእንግዳ ጸሐፊው የክርስትና ስም

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅ ሆኜ መብረቅ ሲጮኽ አልጋ ሥር እገባ ነበር፤ አድጌም በር ሲንኳኳ ማነው ብዬ ከመጠየቄ በፊት ልቤ ትደነግጣለች። እንዲህ ያለሁት እኔ የትናየት ከኢያቄም ፍቅር ይያዘኝ? በላሊበላ ከተማ እንደሱ የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም።

መልኩ አይደለም ያስፈራኝ። ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ፈረንጅ የሚያስጎበኝ፣ ከፍላቂት ከተማ የመጣ ልጅ ነው። የሚያስፈራው የሚጽፈው ነገር ነበር።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ያባረረው ኢያቄም ገብቶ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ። በሁለት ጣቱ ፊደል ሲፈልግ ዝናቡ አባራ፤ እሱ ገና አንድ መስመር አልጨረሰም።

«አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» አልኩት አዝኜለት።

«ታስከፍይኛለሽ?»

«የኮምፒውተሩን ብቻ።»

ያጻፈኝ ስለ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ዋሻው እንዴት እንደሚወረድ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጠበል ስንት ዘመን ድንጋዩን እንደቦረቦረው፣ እንግዳ ሰው እዚያ ሲደርስ ለምን ዝም ማለት እንዳለበት። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር የተመላለስኩበት ቦታ ነው፤ እሱ ሲናገር ግን አይቼው የማላውቅ መሰለኝ።

«ብሎግህ ማን ይባላል?»

«የራሴ የለኝም። የሰው ብሎግ ላይ በእንግድነት ነው የምጽፈው። የራሱ ብሎግ ያለው ሰው ቤት እንደሠራ ነው፣ በሩ ይታወቃል። እንግዳ ግን አድሮ ይሄዳል።»

ስሙን ሲጽፍ «እስቲ ዞር በይልኝ» አለኝ። ዞርኩለት። በማግስቱ ጽሑፉ ወጥቶ ሳየው ከሥሩ «እንግዳ ጸሐፊ፦ ወልደ ሩፋኤል» ይላል።

«የክርስትና ስሜ ነው» አለ ስጠይቀው። «እናቴ አርፋለች። ከሷ ሌላ የሚያውቀው የንስሐ አባቴ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የት አገኛለሁ?»

የንስሐ አባቱ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ የኔ አባት። ያኔ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ይመጣ ጀመር። እሱ ይናገራል፣ እኔ ፊደሉን እመታለሁ። አንዳንዴ መሃል ላይ ዝም ይላል፤ ቀና ስል እያየኝ ነው።

«ቀጥል እንጂ።»

«ጠፋኝ።»

«ምኑ ጠፋህ?»

«የምለው።»

እኔም ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ እንዳስቀመጥኩ መጠበቅ ነው። ያን ዝምታ እወደው ነበር። እሱን ራሱንም እወደው ነበር፤ ለመናገር ግን ያው ፈሪ ነኝ።

የካቲት ላይ የጻፍነው ከሌሎቹ ይለያል። ከከተማው በላይ ካለው ሰፈር ቦኖው ተቆልፎ ውሃው አዲስ ወደተሠራ ሎጅ ተጠልፎ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ገደል ሲወርዱ ያየውን ነገረኝ፤ ጻፍኩ።

«ይሄስ ይቅር» አልኩት።

«ውሸት አለበት?»

«የለበትም። ለዚህ ነው ይቅር የምልህ።»

አልቀረም። ጽሑፉን ናይሮቢ የሚማር አንድ ልጅ ብሎጉ ላይ አወጣው፤ ሰው ለሰው እየተቀባበለ አነበበው።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አዲስ አበባ ውስጥ ብሎግ የሚጽፉ ልጆች መታሰራቸው ተወራ። ኢያቄም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ኮምፒውተሩን አልከፈተም።

«አንድ ቀን ሳልመጣ ብቀር ኢሜይሌን ክፈቺና ያለውን ሁሉ አጥፊልኝ» አለ። «የይለፍ ቃሉ ያንቺ ስም ነው።»

ፊቴ ጋለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝናቡ ከመታኝ ቀን ጀምሮ።»

እንዲህ ያለ ቃል የሰማች ሴት ደስ ሊላት ይገባል። እኔ ደስም አለኝ፣ አለቀስኩም። «አብሽሪ» አለኝ። እሱም ግን ወደ በሩ እያየ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከጸጥታ ነኝ የሚለው ጎረቤታችን አረጋ ኢንተርኔት ቤት ገባ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ወልደ ሩፋኤል የሚባል ደንበኛ አለሽ?»

«ኧረ የለም፣ ጋሼ።»

«የክርስትና ስም ይመስላል። የክርስትና ስም ደግሞ ቄስ ያውቀዋል።» ይህን ብሎ ወጣ።

የሠራነው ስህተት ያኔ ገባኝ። ሌላ አገር ቢሆን ያ ስም ማንንም አያስይዝም ይሆናል። ላስታ ውስጥ ግን የንስሐ አባት የሌለው ቤት የለም፤ ኢያቄም ምስጢር ብሎ የጻፈው ስም የቄስ ደጅ የሚያስንኳኳ ስም ነው።

በማግስቱ የከተማውን ቄሶች በየተራ ሲጠሩ አባቴንም ጠሯቸው። ሲመለሱ ጥምጥማቸውን ሳያወልቁ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«አረጋን ምን አሉት፣ አባ?»

«የንስሐ ልጄን ስም አልሰጥህም አልኩት።»

«አላውቀውም ቢሉትስ?»

«አውቀዋለሁኮ።»

«አባ!»

«ነገ ቅዳሴ አለብኝ፣ ልጄ። ዋሽቼ ልቀድስ?»

አባቴ ምስጢር ጠበቁ፣ አልዋሹም፤ ግን ጸሐፊው ከንስሐ ልጆቻቸው አንዱ መሆኑን አረጋ ተረዳ። ከነሱ መካከል ኢንተርኔት ቤት ውሎ የሚያመሽ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢያቄምን ከቱሪስቶች ፊት ይዘው ወሰዱት። አባቴ ወሬውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እህል አልቀመሱም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የላይኛው ሰፈር ሴቶች ሳፋና ድስት እያወጡ በረዶውን ሲያፍሱ በመስኮት አየኋቸው። ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ይሄን ኢያቄም ቢያየው ይጽፈው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ወልደ ሩፋኤል ስለዚህ በረዶ ቢጽፍ፣ እስር ቤት ያለው ልጅ ወልደ ሩፋኤል አይደለም ማለት ነው።

በማግስቱ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁና በማለዳው መኪና ወደ ወልዲያ ተሳፈርኩ። ከላሊበላ ብልከው ይታወቅብኛል። ኩልመስክ ላይ ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ሲያይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ጸሎት ረሳሁ፤ አባታችን ሆይ እንኳን ጠፋኝ። ፖሊሱ ደህና ዋሉ ብሎን አለፈ።

ወልዲያ ማንም የማያውቀኝ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የይለፍ ቃሉን፣ የራሴን ስም፣ መታሁ። እሱ አጠገቤ ሆኖ የሚነግረኝ እያስመሰልኩ ጻፍኩ። የሚለውን ሳጣ ግን የራሴን ጻፍኩ፦ «ትናንት እግዚአብሔር በረዶ ጣለልን። ቁልፍ ያላስፈለገው ውሃ እሱ ብቻ ነበር።» ከሥሩ ወልደ ሩፋኤል አልኩ። ወደ ናይሮቢ ላክሁት፤ ኢሜይሉን አጠፋሁ፤ ወጥቼ መመለሻ መኪና ፈለግሁ።

ጽሑፉ በወጣ ማግስት አረጋ መጣ። ገጹን ከፍተሽ አሳዪኝ አለኝ። ቆሞ ዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሰሞኑን ጠፍተሽ ነበር አሉ።»

«አሞኝ።»

«ምንሽን?»

«ሆዴን።»

«እግዜር ይማርሽ» ብሎ ወጣ። ኢያቄምን ወዲያው ፈቱት።

ሲመጣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ሲስቅ እንደበፊቱ ዓይኑ ጠፋ። ጽሑፉን አነበበ።

«የኔ አይመስልም አይደል?» አልኩት።

«ከኔ ይበልጣል። እንዴት ደፈርሽ?»

«አልደፈርኩም። እየፈራሁ ነው የሄድኩት።»

ያን ጊዜ እጄን ያዘኝ፤ በቀን ብርሃን፣ በሩ ክፍት ሆኖ። መንገደኛው ያየናል፤ እጄን አልነጠቅሁትም።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ ፈቀዱ፤ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ተክሊል ላይ ሙሽሮች የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ አረጋ ደግሞ ጎረቤት ነው፣ ተጠርቷል።

«አባ፣ ስሙን ዝቅ አድርገው ቢጠሩትስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በዚያ ጊዜ ምስጢር ነበርና አልሰጠሁትም። አሁን ግን እግዚአብሔር ፊት ቆሞ ሚስት ሲቀበል ነው። በሹክሹክታ ያጋባሁት ሰው የለም።»

ለኢያቄም ነገርኩት። «ሌላ ቦታ እንጋባ፣ ወይ ይቅር» አልኩ።

«በስሜ ልውሰድሽ» አለ።

የሰርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። አረጋ ነጠላውን አጣፍቶ ከአምዱ አጠገብ ቆሟል። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ከፊታችን ሆኑ፤ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ወልደ ሩፋኤል» አሉ። ሰው ሁሉ ይሰማል። ኢያቄም ከካባው ሥር ክንዴን ያዘ።

ሥርዓቱ አልቆ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ሲለን አረጋ ተራውን ጠብቆ መጣ። ኢያቄምን ሳመው፤ እንደልማዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ለኛ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወልደ ሩፋኤል» አለ።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺም፣ ጸሐፊዋ።»

ጥሎን ወደ ሰዉ ገባ። እንደሚያስይዘን ወይም እንደሚተወን ፊቱ ላይ አይነበብም።

«ፈራሽ?» አለኝ ኢያቄም።

«በጣም።»

«እኔም።»

እልልታው መሃል ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ ሁለታችንም ወደ ኋላ እያየን ነበር፤ እጁን ግን አልለቀቅሁም።