ሲምቦ፣ ካርቶኗ እና የሳምንቱ አየር

ሲምቦ ቤት ቴሌቪዥን የለም። ካርቶን ግን አለ! ያውም ትልቅ ካርቶን!

ካርቶኑ ከፊት ለፊቱ መስኮት ተቆርጦለታል። ሲምቦ ውስጡ ገብታ በመስኮቱ ብቅ ስትል፣ አለቀ! ቴሌቪዥን ሆነ።

የሲምቦ ሰፈር ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ነገ አየሩ እንዴት ነው?»

ዓሣ አጥማጁ ይጠይቃል። ልብስ አጣቢዋ ትጠይቃለች። አባ ኮዳ እንኳ፣ ያ ዓሣ ሲጣልለት የሚጠብቀው ረጅም ወፍ፣ አንገቱን ሲያሰግግ የሚጠይቅ ይመስላል።

ሲምቦ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ካርቶኗን ተሸክማ ሐይቁ ዳር ትወጣለች።

ትንሹ ወንድሟ ቦንሳ ድስትና ማንኪያ ይዞ ከኋላዋ ዱብ ዱብ ይላል። ሙዚቃው እሱ ነው።

«ጢን! ጢን! ጢን!»

«ውድ ተመልካቾቻችን! እነሆ የሳምንቱ አየር!» ትላለች ሲምቦ።

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ገመዳ ሲምቦን ጠሯት። ጋሽ ገመዳ ጀልባ አላቸው።

«ቅዳሜ አየሩ ጥሩ ከሆነ፣ አንቺንና ቦንሳን ደሴቱ ድረስ እወስዳችኋለሁ። ጉማሬ ታያላችሁ» አሏት።

ጉማሬ! ያ ጆሮውን ብቻ ከውሃ አውጥቶ «ፍፍፍፍ!» የሚለው!

የዚያን ዕለት ሲምቦ ካርቶኗ ውስጥ ዘላ ገባች።

«ጢን! ጢን! ጢን!»

«ውድ ተመልካቾቻችን! እነሆ የሳምንቱ አየር! ሰኞ ፀሐይ! ማክሰኞ ፀሐይ! ረቡዕ ፀሐይ! ሐሙስ ፀሐይ! ዓርብ ፀሐይ! ቅዳሜማ… ፀሐይ በፀሐይ!»

ሰኞ ፀሐይ ሆነ። ማክሰኞም ፀሐይ ሆነ። ረቡዕም ፀሐይ ሆነ።

«አየህ ቦንሳ? ሰማዩ እኔን ይሰማል!» አለች ሲምቦ። አገጯ ወደ ላይ ወጣ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ሲምቦ ካርቶኗ ውስጥ ሳለች፣ ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉ ከአጥራቸው ውስጥ ሆነው ተጣሩ። «ሲምቦዬ! ነገ በርበሬዬን ላሰጣ ነው። ፀሐይ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

«በጣም!» አለች ሲምቦ።

ቦንሳ ማንኪያውን ወደ ሐይቁ ቀሰረ። «ሲምቦ፣ ደመና!»

ሲምቦ አልዞረችም። ብትዞርም ምንም አታይም፤ ካርቶኑ ከኋላ ድፍን ነው።

«ዝም በል! በቴሌቪዥን መሃል አይወራም!» አለችው።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሙሉ የዓመቱን በርበሬ ሰሌን ላይ አሰጡ። ግቢው ቀይ! ቀይ! ቀይ!

«ሲምቦ ፀሐይ ብላለች» አሉና ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገበያ ሄዱ።

ከሐይቁ ማዶ ደመናው ተነሣ። ጥቁር ነው። ቀስ እያለ መጣ።

ጠብ!

ጠብ! ጠብ!

ከዚያ… ዶፍፍፍፍ!

«በርበሬው!» ጮኸች ሲምቦ።

ሲምቦ ሮጠች። ቦንሳ ሮጠ። እናታቸው ሮጠች። ጋሽ ገመዳ ሸራ እየጎተቱ ሮጡ። አባ ኮዳም ሮጠ፤ እሱ እንኳ ለምን እንደሮጠ አልታወቀም።

ግማሹ በርበሬ ተረፈ። ግማሹ ጭቃ ውስጥ ዋኘ።

እትዬ ሙሉ ውሃ እያንጠባጠቡ ተመለሱ። በርበሬውን አዩ። ከዚያ ሲምቦን አዩ።

«እሜቴ ቴሌቪዥን፣ ሰማዩን አይተሽው ነበር?»

ሲምቦ እግሯን አየች። «አላየሁትም፣ እትዬ። ጉማሬ ለማየት ስለፈለግሁ ነው ፀሐይ ያልኩት።»

እትዬ ሙሉ ጎንበስ ብለው በርበሬያቸውን ከጭቃው መልቀም ጀመሩ።

ሲምቦ ቁጭ ብላ ጭቃ የነካውን በርበሬ አንድ በአንድ አጠበች። እጇ ተቃጠለ፤ ዓይኗን ግን አልነካችም። ሞኝ አይደለችማ!

ጨርሳ ቤት ስትገባ፣ «እማዬ፣ ለካርቶኔ ከኋላም መስኮት ቁረጪለት» አለች።

«ከኋላ ደግሞ ማን ሊያይሽ ነው?»

«እኔ ላይበት ነው።»

እናቷ ሳቀችና መቀሱን አመጣች። ቅርጭጭ! ቅርጭጭ!

ዓርብ አመሻሽ ላይ ተመልካቹ ትንሽ ነበር። ጋሽ ገመዳ እና አባ ኮዳ፣ በቃ። እትዬ ሙሉ በራቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

«ጢን! ጢን! ጢን!»

«ውድ ተመልካቾቻችን! እነሆ… ቆዩ፣ ልየው!»

ሲምቦ ዞረች። በኋላው መስኮት ሐይቁን አየች።

ሰማዩ ላይ ደመና የለም። አንድም! ልቧ «ጉማሬ! ጉማሬ!» አለ።

ግን ሐይቁ ጠቁሯል። ራቅ ብሎ ማዕበሉ ነጭ ጥርሱን ያሳያል። ሸምበቆው ወገቡን አጉብጧል። ወፎቹ ሁሉ ዳር ላይ ተኮልኩለው አንገታቸውን ቀብረዋል።

ጋሽ ገመዳ ሁልጊዜ የሚሉትን ሲምቦ ታውቃለች። «ወፎች ሲኮለኮሉ ነፋስ መንገድ ላይ ነው።»

«እህ፣ ነገስ?» አሉ ጋሽ ገመዳ። እሳቸውም ሐይቁን አይተዋል፤ ግን ሲምቦ ምን እንደምትል መስማት ፈለጉ።

ሲምቦ እንደገና ሐይቁን አየች። ጉማሬው በሐሳቧ ውሃ ውስጥ ጥልቅ አለ።

«ነገ ነፋስ ነው። ትልቅ ነፋስ! ጀልባ አይወጣም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ እትዬ ሙሉ ከበራቸው ላይ ሆነው።

«አይቼዋለሁ!»

ጋሽ ገመዳ ተነሥተው ጀልባቸውን ወደ ዳር ጎተቱ፤ ጠበቅ አድርገውም አሰሩ። እትዬ ሙሉ በርበሬያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት አስገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት… ሹውውውውው!

ማዕበሉ «ጓ! ጓ!» ይላል። የቤቱ ቆርቆሮ «ኳ! ኳ! ኳ!» ይላል።

ጀልባዎቹ ግን ታስረዋል። በርበሬው ቤት ገብቷል። ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ሁሉም? ኧረ ካርቶኑ! ካርቶኑን ማን ያሰረው?

ካርቶኑ ወደ ሰማይ ተነሣ። ተንከባለለ፤ ዘለለ፤ በአባ ኮዳ ራስ ላይ አለፈ። አባ ኮዳ እንደገና ሮጠ፤ አሁንስ ምክንያት አለው!

ካርቶኑ በረረ፣ በረረና እትዬ ሙሉ አጥር ላይ ተሰቀለ።

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው፣ ካርቶኑን በሌላ እጃቸው ይዘው መጡ።

«እሜቴ ቴሌቪዥን! ለሰው ነፋስ መጣ ብለሽ፣ የራስሽን ዕቃ አታስሪም?» አሉና ሳቁ። ሲምቦም ሳቀች።

«በይ እንግዲህ፣ የነገውን ንገሪኝ። በርበሬዬ ፀሐይ ናፍቆታል።»

«ቆዩ፣ ልየው!» አለች ሲምቦ።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ደከመው። ሸምበቆው ወገቡን አቀና። ወፎቹ አንገታቸውን አወጡ።

«ነገ ጠዋት ፀሐይ! ውሃውም ጸጥ!»

እሑድ ጠዋት ሐይቁ መስታወት መሰለ። በርበሬው ሰሌን ላይ፣ ሲምቦና ቦንሳ ጀልባው ላይ!

ከደሴቱ አጠገብ ከውሃው ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ አሉ።

«ፍፍፍፍፍ!»

«ጉማሬ!» አለች ሲምቦ በሹክሹክታ።

ቦንሳ ግን ደስታው አላስቻለውም። «ጢን! ጢን! ጢን!»

ጉማሬው ጥልቅ! አለና ጠፋ።

«ኧረ በፈጠረህ! ጉማሬ እኮ ቴሌቪዥን አይወድም!» አሉ ጋሽ ገመዳ፤ ጀልባው በሳቅ ተወዛወዘ።

ማታ ሲምቦና ቦንሳ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገቡ። ጥቅምት ነው፤ ይበርዳል።

«ውድ ቴሌቪዥናችን፣ የነገውስ አየር?» አለች እናታቸው ብርድ ልብሱን እያለበሰቻቸው።

ሲምቦ ዓይኗ እየተከደነ ነው። ቢሆንም ቀና አለች።

«ቆዪ… ልየው።»

በመስኮቱ አየች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከዋክብቱ ሐይቁ ላይ ተኝተዋል።

«ነገ… ፀሐይ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሲምቦ ተኝታለች።

ቦንሳ በእንቅልፍ ልቡ ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሣ።

«ጢን… ጢን… ጢን…»