ለግራኝ የተገለበጠ

«አቁሚ! አቁሚ!» አሉ መምህር ሮቤራ እጃቸውን አንስተው።

እድላዊት ጣቶቿን ከጊታሩ ላይ አነሳች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ከወፍራሙ ክር በደንብ ትነሳለች፤ ቀጥሎ ወዳለው ክር ስትሻገር ግን አንድ ባዕድ ድምፅ ዘው ይልባታል፤ ሳይጠራ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው።

«ማይነር ፔንታቶኒክ እኮ አምስት ድምፅ ብቻ ነው» አሉ መምህሩ። «ባቲ ሲዘፈን የሰማ ጆሮ እንዴት ይጠፋዋል? ማክሰኞም እዚሁ ላይ ነው ያስቆምኩሽ። ነገ ምርጫ ነው፤ አስቢበት።»

በወላጆች ቀን ለብቻው ወጥቶ ሶሎ የሚጫወት አንድ ተማሪ ነገ ይመረጣል። ከሙዚቃ ክበቡ ለዚህ የቀረቡት ሁለት ብቻ ናቸው፦ እድላዊትና ጓደኛዋ ሰብለወንጌል። ክበቡ አምስት ጊታር አለው። አራቱን ሁሉም ይሻማቸዋል። አምስተኛው የግራኝ ስለሆነ እድላዊት እስክትመጣ ድረስ ለዓመታት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። ምግብ በግራዋ ጎርሳ በተቆጧት ቁጥር አንገቷን የምትደፋው ልጅ፣ ያንን ጊታር ያቀፈች ቀን ግን ቀና ብላ ነበር።

ችግሩ፣ መምህሩ ያደሉት የጣት አቀማመጥ ሥዕል ለቀኝ እጅ ተጫዋች የተሠራ መሆኑ ነው። ስድስት መስመር፣ በየመስመሩ ላይ ጣት የሚያርፍበት ነጥብ። «አታስቢ ጀለሴ፣ እኔ ገልብጬ እሠራልሻለሁ» ብላ ሰብለወንጌል ነበረች በሰማያዊ እስክሪብቶ የሣለችላት።

እድላዊት አሁን ዞር ብላ አየቻት። ሰብለወንጌል በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ሌላ ጊዜ እድላዊት ስትሳሳት ቀድማ የምትስቀውም፣ ቀድማ የምታጽናናውም እሷ ነበረች።

«ሰብሊ፣ ያንቺን ወረቀት አሳዪኝ እስቲ፤ ላስተያየው» አለቻት ሲወጡ።

«ቤት ረስቼዋለሁ።»

የወረቀቱ ጫፍ ከቦርሳዋ ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። እድላዊት አየችው።

«ዛሬ አብረን አንሄድም» አለች ሰብለወንጌል ፈጠን ብላ። «አክስቴ ሜክሲኮ ትጠብቀኛለች።»

እድላዊት ጊታሩን አዝላ ብቻዋን ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሄደች። ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ብሎክ ላይ ነው፤ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰብለወንጌል አራተኛ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ክር መነካካት ከመጀመሯ ሰብለወንጌል ከግቢው በር ስትገባ አየቻት። ብቻዋን ናት። ያለፈው ጊዜ ሜክሲኮ ደርሶ ለመመለስ ቀርቶ ታክሲ ለመጠበቅ እንኳ አይበቃም። ሰብለወንጌል ቀና አለች፣ አየቻት፣ ከዚያም በወዲያኛው ደረጃ ዞራ ወጣች።

እድላዊት ሰብለወንጌል የሣለችላትን ወረቀት አወጣች። *ሸውዳኛለች?*

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ትመረምረው ጀመር። አንዱን ክር መታች፤ ትክክል። ሌላውን መታች፤ ትክክል። አራቱ ክሮች እንከን የላቸውም። የሚያበላሹት ሁለት ናቸው፦ ከወፍራሙ ቀጥሎ ያለውና ከቀጭኑ ቀጥሎ ያለው። በመጀመሪያው ጣቷን በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት የብረት መስመሮች፣ ከስምንተኛው ፍሬት ወደ ሰባተኛው መለሰችው። በሁለተኛው ደግሞ ከሰባተኛው ወደ ስምንተኛው ገፋችው። አምስቱ ድምፆች ከላይ እስከ ታች ያለ እንቅፋት ወረዱ።

ደስታው ግን አልቆየም። የሁለቱ ክሮች ነጥብ ተቀያይሯል። ሁለቱ ብቻ! ሰው ልብ እንዳይል ሆን ብሎ የሚያበላሽ ቢኖር ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

አራተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች። በሩን የከፈተችው ራሷ ሰብለወንጌል ናት። ወረቀቱን ስታይ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አለች እድላዊት።

«ወላሂ! ማለቴ... እመቤቴን! ስሠራው አላወቅኩም። ለግራኝ ግራና ቀኙ ብቻ ነበር መገልበጥ ያለበት። እኔ ወረቀቱን ዘቅዝቄ ስገለብጠው ላይና ታቹም አብሮ ዞረ።»

«መቼ አወቅሽ?»

ሰብለወንጌል በኮሪደሩ ጠርዝ ወደ ታች አየች። ከታች ሕፃናት ኳስ ሲያሳድዱ ይጮኻሉ።

«ሰብሊ፣ መቼ?»

«ማክሰኞ። ሲያስቆሙሽ ገባኝ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። ልነግርሽ ስል ደግሞ... እኔም ሶሎውን እፈልገዋለሁ፣ እዱ። በጣም ነው የምፈልገው።»

እድላዊት ወረቀቱን አጣጥፋ ወረደች። እስኪመሽ ድረስ ጣቶቿ እስኪቃጠሉ ተለማመደች።

በማግስቱ መምህር ሮቤራ መጀመሪያ እሷን ጠሩ። ያለ አንድ ስህተት ወጣች፣ ወረደች። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ምን ነበር ችግሩ?»

«ወረቀቴ ላይ ሁለት ክር ተቀያይሮ ነበር።»

«ማን ነው የጻፈልሽ?»

እድላዊት ወደ ጓደኛዋ አልዞረችም፤ ስሟንም አልጠራችም።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» የሚል ቀጭን ድምፅ ከኋላ መጣ። «ስህተት እንደሆነ አውቄም አልነገርኳትም።»

መምህሩ ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። ከዚያ ሰብለወንጌልንም እንድትጫወት አደረጉ። እየተደናቀፈች ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን ተረጋግታ ከእድላዊት ይልቅ ፈጥና፣ አሳምራ ጨረሰች። ይሄን መካድ አይቻልም። መምህሩ ግን ሶሎውን ለእድላዊት ሰጡት። «ጆሮሽን አምነሽ ስህተቱን ራስሽ አግኝተሻል» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰብለወንጌል ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ ጠበቀቻት።

«አብረን እንሂድ?»

እድላዊት የጊታሩን ማንገቻ አስተካከለች። ማክሰኞን አሰበች፤ ረቡዕን አሰበች። ከኋላ የወጣውን ቀጭን ድምፅም አሰበች።

«ዛሬ አይሆንም» አለች። ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች። «ሰኞ ግን ጠብቂኝ።»