የመጨረሻው ዓምድ

ትርሲት ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የእድሩን ቤት ከፍታ በሩን በእግሯ ገፋ ታደርግና የታፈነው አየር እስኪወጣ ድረስ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ቤቱ መስኮት የለውም። ግማሹን የያዘው ድንኳኑ ነው፤ ክረምቱን በደንብ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ የከረመ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ከባድ ሸራ። ከእሱ ጎን አግዳሚ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል፤ ታቻቸው በጥላሸት የጠቆሩ ትልልቅ ድስቶችም አሉ፤ የቀዘቀዘ ጭስና የአሮጌ ዘይት ጠረን አላቸው። በተረፈችው ጥግ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር አለ። ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ስትመታው ቋ፣ ቋ ይላል። አራት ዓመት እዚህ ስትሠራ አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም።

ሥራዋ የእድሩን መዝገብ መያዝ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ሲሆን፣ ሲከፈት ገጹን ሙሉ የሚይዝ ሠንጠረዥ ይመጣል። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ረድፍ፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቤተሰብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ያረፉበት ቀን» የሚል ዓምድ። በሕይወት ላለ ሰው ያ ሳጥን ባዶ ነው። አንዱን ሳጥን ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ለጽሑፍ ይከፈታል፤ በረድፉ መነሻም ትንሽ የእርሳስ ምልክት ብቅ ትላለች። እርሳሷ እስካለች ድረስ የተጻፈው ገና አልተያዘም፤ ሐሳብ የቀየረ ሰው ሊሰርዘው ይችላል። ወደ ሌላ ረድፍ ከተሻገሩ በኋላ ግን ይቀመጣል። ትርሲት ይህን ሥራ ትወደው ነበር፤ ሦስት መቶ አርባ አባል በመስመር በመስመር ተሰልፎ ስታይ፣ ሰፈሩን ሁሉ ራሷ ያሰናዳችው ይመስል ደስ ይላታል።

ጥቅምት ሃያ ቀን ስም ስታርም፣ ከወይዘሮ ያለምወርቅ ረድፍ መጨረሻ ላይ «ጥቅምት 23» የሚል አየች። ያለምወርቅን ጠዋት ሽንኩርት ተራ አግኝታቸው፣ «አንቺ ልጅ መቼ ነው የምታገቢው?» ብለው ነዝንዘዋት ነበር። የራሷ ዝርክርክነት መስሏት አፍራ አጠፋችው። በሦስተኛው ቀን ያለምወርቅ ምሳ በልተው ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ እዚያው ቀሩ። ትርሲት ከቀብር መልስ ቀኑን ልትጽፍ ሠንጠረዡን ስትከፍት ሳጥኑ ባዶ አልነበረም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ጋሽ ሽታሁንን ነው። ጋሽ ሽታሁን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ንጋት ላይ በየመንደሩ እየዞሩ የሟቹን ስም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከእሷ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያለውም እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ስትሠራ ከኋላዋ ቆመው ሠንጠረዡን ማየት ይወዱ ነበር። ድሮ ምንም ያልመሰላት ነገር አሁን እንደ እሾህ ይወጋት ጀመር፤ ለምን ያያሉ? ስም ማጥናት ነው? መርዝ ይሆን እያለች፣ ሰውየው ቡና የጋበዙትን ሰው ሁሉ በልቧ ትቆጥር ጀመር። በራሷ ገንዘብ አዲስ ጓጉንቸር ገዝታ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሠረችው። ይህም አልበቃትም፤ ወጥታ ስትቆልፍ ከራሷ ላይ አንድ ዘለላ ፀጉር ነቅላ በበሩና በመቃኑ መሃል በምራቅ ትለጥፍ ነበር።

በሳምንቱ ፀጉሩ እንዳለ፣ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ፣ የአቶ ገዛኸኝ ሳጥን ተሞልቶ አገኘችው። አቶ ገዛኸኝ በተጻፈላቸው ቀን ሞቱ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም፤ ጋሽ ሽታሁንን ቤታቸው ሄዳ አፋጠጠቻቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኮምፒውተሩን ይነካሉ?»

«እኔ? ኧረ በስመ አብ! ቴሌቪዥን እንኳ የሚከፍቱልኝ ሌሎች ናቸው።»

«ታዲያ የአቶ ገዛኸኝን ማን ነገረዎት? ልጆቻቸው እኮ አባታቸው መሞታቸውን የሰሙት ከእርስዎ ጡሩምባ ነው።»

«አንቺ የላክሽው ሰውዬ ነዋ። ያለምወርቅንም የነገረኝ እሱ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ስሙን ይነግረኝና ይሄዳል። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ትሁት ሰው ነው። ከመዝገብ ቤት ነኝ አለኝ።»

«እኔ ማንንም ልኬ አላውቅም፣ ጋሽ ሽታሁን።»

ሽማግሌው የበሩን እጀታ ያዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንደዚያ አትበይኝ እባክሽ» አሉና በራቸውን ዘጉ። ትርሲት ወደ ቤቷ ስትመለስ እየዋሹ ይሁን እየፈሩ መለየት አቅቷት ነበር፤ መዋሸታቸውን ግን አጥብቃ ተመኘች።

ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ሠንጠረዡ ፊት ተቀመጠች። ምንም አልነካችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ብቻ ትጠብቃለች። ከኋላዋ ሸራው አንዳንዴ ሲጥ ይላል፤ ከባድ ሰው ዝግ ብሎ ሲቀመጥበት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ዞራ ስታይ ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ነው። እንደገና ወደ ስክሪኑ ስትመለስ ረድፎቹ ወደ ላይ መንሸራተት ጀምረዋል፤ ማንም ሳይነካቸው፣ ስም በጣቱ እየተከተለ እንደሚፈልግ ሰው ረጋ እያሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ። እናቷ ናቸው።

በረድፉ መነሻ እርሳሷ ብቅ አለች። በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይጻፉ ጀመር። «ኅዳር 18።» ትርሲት መሰረዣውን ተጫነች፤ ጠፋ። እንደገና ተጻፈ። እንደገና ሰረዘች። የኪቦርዱን ገመድ ነቀለችው፤ ጽሑፉ ግን ሳይቸኩልና ሳይናደድ ቀጠለ። ይህ አለመቸኮሉ ነው ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራት።

መብራት ጠፋ። ጨለማው ከወንበሮቹ በኩል መጥቶ እስከ ጠረጴዛው ደረሰ፤ መሽቶ ስለነበር ከበሩ በሚገባው ቀጭን ብርሃን በጠቆረው ስክሪን ላይ የራሷን ፊት አየች። ከፊቷ በስተጀርባ አንድ አግዳሚ ወንበር ከክምሩ ወርዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ በላዩም ለቅሶ እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጋቢ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ዞረች። ማንም የለም። ወንበሩ ግን እውነትም ወርዷል።

መሮጥ ትችል ነበር። ግን የእናቷ ስም እዚያ ውስጥ ቀርቷልና የት ትሄዳለች? መብራቱ እስኪመጣ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቆመች። ኮምፒውተሩን መልሳ ስትከፍተው እርሳሷ የለችም። ቀኑ ተይዟል።

የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀኑን ማጥፋት ካልተቻለ፣ ቀኑ የሚያርፍበትን ማጥፋት። ኪቦርዱን መልሳ ሰካችና ረድፉን ከዳር እስከ ዳር መረጠችው። ፕሮግራሙ «ይህ አባል ከመዝገብ ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቃት። እድር የሌለው ሰው ድንኳን የለው፣ ተሸካሚ የለው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ለቅሶ ያልቀረባቸውን እናቷን በአንድ ጣቷ ብቸኛ ማድረጓ ነው። እንባዋ መጣ። እማዬ ትኑርልኝ እንጂ ድንኳኑ ገደል ይግባ ብላ ተጫነችው። ረድፉ ጠፋ፤ የታችኞቹ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አሉና ቦታውን ደፈኑት። ተራ ቁጥሩ ግን ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወደ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዘለለ።

ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን ከቤት ንቅንቅ አላለችም። እናቷ ቤት ሲጠርጉ መጥረጊያውን ትቀማቸዋለች፤ ቢያስሉ ብድግ ትላለች፤ ወጡ ሲቀርብ አስቀድማ ትቀምሳለች። የጎረቤት ሰው ሰላም ሊል ቢመጣ እንኳ በር ላይ ቆማ መለሰችው። እናቷ ግን ከወራት በኋላ ፊታቸው ፈክቶ፣ ጉልበታቸውም እሺ ብሏቸው፣ እየሳቁባት ነው የዋሉት።

«ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው እንደ ጨቅላ የምትጠብቂኝ?»

«ምንም። ናፍቀሽኝ ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለጉንፋናቸው ሎሚ አማራቸው። ሱቁ ከበሩ ይታያል። ትርሲት ሄዳ እስክትመለስ አምስት ደቂቃ አልሞላትም፤ ግማሹን በሩጫ ነው የሄደችው። እናቷን እንደተወቻቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ደህና ናቸው። ከአስፈሪዎቹ ቀናት ሁሉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ።

«ካንቺ መሥሪያ ቤት ሰውዬ መጥቶ ነበር» አሉ እናቷ። «አሁን ገና ወጣ፤ መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?»

ትርሲት በሩን ወደ ኋላዋ ዘግታ ቆመች። «ምን ፈለገ?»

«ከመዝገቡ መውጣቴን ነገረኝ። ለምን እንዳስወጣሽኝ ባላውቅም አልተቆጣሁሽም። የአባል ቦታ ክፍት አያድርም፣ ወላጅ ሲወጣ ልጅ ይተካል፣ ደንቡ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም የእናቴን ቦታ የያዝኩት እንደዚሁ ነው። ደስ ብሎኝ ስምሽን ከነአያትሽ አስጻፍኩት።»

«ሌላስ ምን ጠየቀሽ?»

«ምንም፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ። የተመዘገብሽበትን የዛሬውን ቀን ልንገርህ ስለው፣ ‹ቀኑን ይተዉት እናቴ፣ እሱ ተጽፏል› ብሎኝ ሄደ።»