ዳንሰኞቹ ዞረውት የሚያልፉት ቦታ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። የማያምን ይሳቅ። በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር።

ዓመቱ 1957፣ ወሩ ኤፕሪል። ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር።

አዎ... ከቀኑ። ሌሊት አልነበረም። ውጭ ፀሐይዋ የቤከርስፊልድ ከተማን አስፋልት ታቀልጥ ነበር።

ቦታው "ሲልቨር ስፐር" የሚባል የጭፈራ ቤት ነው። መስኮቶቹ ጥቁር ቀለም ስለተቀቡ ውስጡ ሁልጊዜ ምሽት ነው። በሩ ሲከፈት ብቻ ነጭ ብርሃን ይገባል፤ የሚገባው ሰው ጥላው እንጂ ፊቱ አይታይም። ፊቱን የምታየው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ሎያል ቲግ እባላለሁ። ያኔ በሳምንቱ ቀናት ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ቧንቧ እገጥም ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ስቲል ጊታር እጫወታለሁ። ስቲል ጊታር እግር ባለው ጠረጴዛ ላይ የሚጋደም ጊታር ነው። ተቀምጠህ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተትክ ታስለቅሰዋለህ።

ጊታር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዘፍነው ታናሽ ወንድሜ ኦሪን ነበር።

ኦሪን ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል። መቀጠል ይሁን ማቆም ግራ ሲገባው ግን ዓይኑን ገለጥ አድርጎ እኔን ያየኛል። አገጬን ዝቅ ካደረግኩ "ቀጥል" ማለት ነው። መዳፌን ክሮቹ ላይ ከዘረጋሁ "አቁም" ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነበርን።

ከኦክላሆማ ስንነሳ እናታችን፣ "ሎያል፣ ይሄ ልጅ ያለ አንተ መንገድ አያውቅም፤ አደራህን" ብላኝ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶትም አደራው ከትከሻዬ አልወረደም።

የቤቱ ባለቤት ሚስ ሃቲ አንድ ሕግ ነበራት። ጠብ ከተነሳ የሙዚቃ ባንዱ ማቆም የለበትም። እንዲያውም ማፍጠን አለበት።

"ሙዚቃው ካልቆመ ጠቡ የሁለት ሰው ነው" ትለን ነበር። "ሙዚቃው ከቆመ የሁሉም ይሆናል። ጣሪያው ቢወርድ እንኳ ከፍርስራሹ ሥር ስትጫወቱ መስማት እፈልጋለሁ።"

የጭፈራ ቤት ሙዚቀኛ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። የተወረወረ ጠርሙስ እንዳይመታን ከመድረኩ ፊት የዶሮ ቤት ሽቦ ተወጥሮልናል። ከሽቦው ጀርባ ሆነን እንጫወታለን።

ከዚያ እሁድ ሁለት ሳምንት በፊት ጠብ ተነሳ።

"የሉዌላ ጫማ" የሚባለውን ፈጣን ዘፈናችንን እየተጫወትን ነበር። አንዱ ሰውዬ ጠርሙስ ሰብሮ ሌላውን አንገቱ ላይ መታው። የተመታው ዴልበርት የሚባል ድንች ለቃሚ ነው። ጸጥ ያለ ሰው ነበር። ባርኔጣውን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሚገባው።

ዴልበርት እየተንገዳገደ መጥቶ እፊቴ ተንበረከከ። አንድ እጁ አንገቱን ይዟል። የሌላው እጁ አራት ጣቶች ሽቦውን ጨበጡ።

ድምፁ አልተሰማም። ከንፈሩን ግን አነበብኩ።

"አቁሙ..."

ከንፈሩን ሌላ ማንም አላየም። እኔ ተቀምጬ ስለምጫወት ዓይኔ ከዓይኑ ትይዩ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ኦሪን ዓይኑን ገለጠና አየኝ።

አገጬን ዝቅ አደረግኩ።

ለምን እንዲህ አደረግክ ብትሉኝ፣ ሕጉ ስለሆነ ነው የምላችሁ። አፍሬም ይሁን ፈርቼ ሌላ መልስ አጥቼለታለሁ። ኦሪን ዓይኑን ጨፈነና አፈጠነው። ዳንሰኞቹ ዴልበርትን የሰከረ መስሏቸው ዞረውት እያለፉ ጨፈሩ። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወትነው። ስናበቃ ዴልበርት በሕይወት አልነበረም።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ፣ "አንድ ሰው ቶሎ ደርሶ አንገቱን በጨርቅ ጫን አድርጎ ቢይዝለት ይተርፍ ነበር" አለ።

የሸሪፉ ፖሊስ ያየሁትን ጠየቀኝ።

"አላየሁም" አልኩት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

እንግዲህ ወደዚያ እሁድ እንመለስ።

ቤቱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ያን ቀን ነው የተከፈተው። ወለሉ ታጥቧል፤ አዲስ ሰጋቱራ ተነስንሶበታል። የዴልበርት ባርኔጣ ብቻ ሚስማሩ ላይ ነው። ማንም ሊነካው አልደፈረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዕቃዬን ሳስገባ ባርኔጣው እዚያው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ቀና ስል... የለም።

አንዱ ወስዶት ይሆናል ብዬ መጫወት ጀመርኩ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው ወለሉን ያየሁት። ከተቀመጥኩበት በደንብ የሚታየኝ የሰው እግር ነው። ጥንዶቹ እየተሽከረከሩ ይመጣሉ... ከሽቦው ፊት ሲደርሱ ገለል ይላሉ... አንድ ቦታ ዞረው ያልፉና ይቀጥላሉ።

ሁሉም። አንድም ሳይቀር።

ማንም ወደ ታች አያይም። በሌላው ቦታ ሰጋቱራው ተረግጦ ጠቁሯል። እዚያች ቦታ ላይ ግን አንድ ዱካ የለበትም።

ወደ ድራም መቺው ወደ ዊልተን ዞርኩ።

"ዊልተን... እዚያ ጋ ለምን ይዞራሉ?"

"የት ጋ?"

"ከሽቦው ፊት።"

"ማንም አልዞረም ባክህ። አንተ ግን ምን ሆነሃል? የሙዳየ ምጽዋት ሳንቲም የሰረቀ ዲያቆን መስለሃል።"

ሳቀብኝ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አፌ እሺ አላለኝም።

መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ከሽቦው ውጭ፣ ከእንጨት የተሠራች ድመት አለች። ሰው ዘፈን ሲያምረው የዘፈኑን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ከሳንቲም ጋር በአፏ ይከትላታል። የሆነ ነገር ሲወድቅላት ዓይኖቿ ቦግ ይላሉ። ድመቷ የተቀበለችውን ዘፈን ደግሞ እምቢ አይባልም። ይህም የቤቱ ወግ ነው።

የድመቷ ዓይኖች ቦግ አሉ።

ፊቷ ማንም አልነበረም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወጥቼ እጄን ከተትኩ። ሳንቲም የለም። አንድ የወረቀት መሐረብ አገኘሁ፤ እርጥብ ነው። በእርሳስ "የሉዌላ ጫማ" ተብሎ ተጽፎበታል።

ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩት።

"ምንድን ነው?" አለኝ ኦሪን።

"ባዶ ነው። ሰካራም ሲቀልድ ነው።"

ሌላ ዘፈን ጀመርን። መሃል ላይ ሳንደርስ ዓይኖቿ እንደገና ቦግ አሉ... ጠፉ... ቦግ አሉ።

ሚስ ሃቲ ከባንኮኒው ጀርባ ጮኸች። "ድመቷ እየለመነቻችሁ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ? የተጠየቃችሁትን ዝፈኑ እንጂ!"

ዘፈኑ ሲያልቅ በዚህኛው ጊዜ ኦሪን ቀደመኝ። ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። ፊቱ ነጥቷል። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

"ሎያል... ያን ቀን ዓይኔን ገልጬ ሳይህ..."

"እሺ?"

"ሰውዬው ምን እያለ ነበር?"

እውነቱን ልናገር የምችልባት ሰዓት ያቺ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አስባታለሁ።

"ምንም" አልኩት። "ሰክሮ ነበር።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ኦሪን፣ እኔ ዋሽቼህ አውቃለሁ?"

ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። አመነኝ። ልጅ ሆነን ወንዝ ሲሻገር እጄን ይዞ እንደሚያምነኝ አመነኝ።

"እንግዲያው ዘፈን ነው፤ ዘፈን ሰው አይበላም" አለና ጀመረው።

"የሉዌላ ጫማ" አራት ቤት ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

አራተኛው ቤት አለቀ። መጨረሻውን ልመታ ብረቴን አነሳሁ።

ኦሪን ወደ አንደኛው ቤት ተመለሰ።

ተሳስቶ ነው ብዬ ተከተልኩት። እንደገና አራተኛው... እንደገና አንደኛው። ከባንኮኒው በላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ይላል።

እንደገና ቀና ስል አሥራ አንድ ሆኗል።

"ዊልተን! አቁም!"

ዊልተን አልሰማኝም። ዓይኑ ፈጦ ይመታል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ዳንሰኞቹ ያቺን ቦታ ዞረው ያልፋሉ... ዞረው ያልፋሉ...

ያኔ ሽቦው ተንጫረረ።

አራት ቦታ ላይ ወደ ውጭ ተሳበ። ሰው በአራት ጣቱ ሲንጠለጠልበት እንደሚሳበው።

ኦሪን ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አየኝ... ጠየቀኝ።

መዳፌን ክሮቹ ላይ ዘረጋሁ። በሁለት እጄ ተጫንኳቸው።

"አቁም! አቁም ኦሪን!"

ክሮቹ ከመዳፌ ሥር መንቀጥቀጣቸውን ቀጠሉ። የእኔ ጊታር፣ እጄ አፍኖት፣ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ ነው የኦሪን ዓይን እኔ ላይ እንዳልሆነ ያየሁት። የሚያየው ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ነው። እዚያ ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ትንሽ ፈገግ አለ። አገጬን ዝቅ ሳደርግለት ሁልጊዜ ፈገግ የሚላት ፈገግታ ናት።

ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ።

ዞሬ ወደ ኋላዬ አላየሁም። ፈሪ በሉኝ።

ወንበሬን ረግጬ ተነሳሁ። የኦሪንን ጊታር ከአንገቱ አውልቄ ጣልኩት፤ ቀኝ እጁ ግን ባዶ አየር መምታቱን ቀጠለ። ብብቱን ይዤ በዳንሰኞቹ መሃል ጎተትኩት። ለእኛ ማንም መንገድ አልለቀቀም። በክርን ገጩን፣ ረገጡን። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉም፤ ያዩንም አልመሰለኝ።

በሩን በትከሻዬ ከፍቼ ፀሐይ ላይ ወደቅን።

ከኋላችን በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። እስኪዘጋ ድረስ ሙዚቃው ይሰማ ነበር። ድራሙ፣ ጊታሩ... የእኔ ስቲል ጊታር... የኦሪንም ድምፅ።

ኦሪን ግን እቅፌ ውስጥ ነበር። አፉ ተዘግቷል።

በማግስቱ ሚስ ሃቲ ስልክ ደወለች።

"እንደ ትናንቱ ተጫውታችሁ አታውቁም" አለችኝ። "እስክንዘጋ ድረስ አንድም ሰው ከጭፈራው አልወጣም። ግን መቼ ወጣችሁ? ሳትሰናበቱኝ?"



"ደግሞ የዚያን ምስኪን ሰው ባርኔጣ ከእናንተ አንዳችሁ ወስዳችሁት ከሆነ መልሱልኝ" አለች።

ይኸው ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኦሪን ከእኔና ከባለቤቴ ከአርዲዝ ጋር ይኖራል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ይበላል፣ ይተኛል፤ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ መምታቱን አያቆምም። ተኝቶም ይመታል። ሐኪሞቹ ሰልችቷቸው ትተውታል።

እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ብቻ ዓይኑን ገልጦ ወደ እኔ ይዞራል።

በየሳምንቱ ፊቱ እቀመጣለሁ። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እውነቱን እነግረዋለሁ።

"ሰውዬው አቁሙ ነው ያለው፣ ኦሪን። ከንፈሩን አንብቤያለሁ። ዋሽቼሃለሁ። ይብቃህ ወንድሜ፣ አቁም።"

እሱ ከትከሻዬ በላይ ያያል። ፈገግ ይላል። እጁ ይቀጥላል።

አርዲዝ ይህን ታሪክ አታውቅም። ወንድሜ በፀሐይ ታሞ ነው ብያት ነው የኖርነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሳሎኑን ስትጠርግ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። መጥረጊያዋ ከኦሪን ወንበርና ከእኔ ወንበር መሃል ሲደርስ ገለል አለች... ዞራ አለፈች... ከወዲያ በኩል ቀጠለች።

"አርዲዝ" አልኳት። "እዚህ ጋ ለምን ዞርሽ?"

መጥረጊያዋን ተደግፋ ቀና አለች።

"የት ጋ?"

"እዚህ... መሃላችን።"

ወለሉን አየች። ከዚያም እኔን አየች።

"ማንም አልዞረም" አለችና መጥረጓን ቀጠለች።