የዊጋን እፉኝትና እናቱ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በዊጋን ከተማ ከከሰሉ ቁልል እስከ ቦዩ ድልድይ ድረስ በመንገድ የሚታይ ሰው አልነበረም። ዝናቡ በጠቆሩት የጡብ ቤቶች ጣሪያ ላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ግማሽ ቀን ሠርቶ ዝም ብሏል፤ ውሾቹም በር ሥር ተጠግተዋል። ሕዝቡ ግን አልተኛም፤ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ አሥርም አሥራ አምስትም ሆኖ ተጠጋግቶ፣ ሻዩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ የነጻ ትግል ግጥሚያ ይመለከት ነበር።

በሚስስ ሃና ሪግቢ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ መንደር ቤቶቹ አንድ ግድግዳ ይጋራሉና፣ ግድግዳውም የአንድ ጡብ ውፍረት ብቻ ነበርና፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው እኒህ ሴት ከምድጃቸው አጠገብ እንደ ተቀመጡ፣ እርሳቸው የወለዱትን ልጅ ጎረቤቶቻቸው ሲረግሙ ቃል በቃል ይሰሙ ነበር።

«ጣቱን ዓይኑ ውስጥ ከተተው! ዳኛው ዕውር ነው እንዴ?»

«እፉኝት! አንተ የእፉኝት ልጅ!»

«ኧረ ቀስ በሉ፤ እናቱ ይሰማሉ» አለች የቤቱ እመቤት ኤዲት ዊንስታንሊ።

«ይስሙ! እኔ ብሆን ገና ሲወለድ አገሩን እገላግለው ነበር!»

ሳቁ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ሃና የሚሠሩትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ በየቅዳሜው እንደሚያደርጉት፣ ለልጃቸው ጸለዩ።

ልጃቸው ክሊፎርድ ሪግቢ በሰሜን እንግሊዝ አዳራሾች ሁሉ «የዊጋን እፉኝት» በሚል የትግል ስም የሚታወቅ ሰው ነበር። ጥቁር ለብሶ ይወጣል፤ የትግሉን መድረክ በከበበው ገመድ ተጋጣሚውን ያንቃል፤ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ከቀበቶ በታች ይመታል። ወደ ሪንጉ ሲሄድና ሲመለስ አሮጊቶች በባርኔጣቸው መርፌ ይወጉታል፤ በግራ ጭኑ ላይ ብቻ ሰባት ጠባሳ ነበረው። ማን እንደሚያሸንፍና በስንተኛው ዙር እንደሚያሸንፍ ግን አስቀድሞ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ይቆረጥ ነበር፤ ግፉም ጩኸቱም በልምምድ የተጠና ነበር። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ ይህ ምስጢር ለሚስት አይነገርም፤ ለካህን አይነገርም፤ ለወለደች እናትም አይነገርም። የተናገረ ሰው ከሥራው ይወጣል፤ የግጥሚያ አዘጋጆቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማኅበር መሥርተው አዳራሾቹን ስለ ተከፋፈሉ፣ አንዱ ያባረረውን ሌላው በደጁ አያስደርሰውም።

በማግስቱ እሑድ፣ ክሊፎርድ እንደ ልማዱ ሰው እንዳያየው በጓሮው መንገድ መጥቶ ከእናቱ ጋር ምሳ ቀረበ።

«ዛሬ ደግሞ ታነክሳለህ» አሉት፣ የሥጋና የድንች ፓዩን እየቆረሱለት።

«ትናንት ቦልተን ላይ አንዲት አሮጊት መርፌዋን ሰካችብኝ።»

«እጇ ይባረክ!»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትለኛለህ? እኔም እዚያ ብኖር ከእሷ የረዘመ መርፌ አለኝ።»

ክሊፎርድ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ብሎኛል። ፀደዩን አላልፈው ይሆናል። ዝም በልና ስማኝ፤ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት ቅዳሜ በንጽሕና ታገልልኝ። ብትሸነፍም ግድ የለኝም። ብቻ አባትህ ፊት እንደ ታገልከው ሆነህ ታገል።»

አባቱ አሞስ ሪግቢ አርባ ዓመት ሙሉ ከሰል ቆፍሮ ሳንባው በአቧራ የሞላ ሰው ነበር። በኅዳር ወር 1937 በወንበር ላይ እንዳለ ተሸክመውት ቦልተን አዳራሽ ገባ፤ ልጁም ቴድ ሞስክሮፕ የተባለውን ብርቱ ትግለኛ በሦስተኛው ዙር በጀርባው አስተኝቶ የሰሜን አውራጃዎችን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ሲታጠቅ አየ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ፤ ሲሞትም «ሃና፣ ልጃችን በክንዱ ብቻ ሰው ሆነ» ብሎ ሞተ።

አሞስ ያላወቀው፣ ሃናም ያላወቁት ነገር ነበር። ክሊፎርድ ከግጥሚያው ሁለት ቀን በፊት አዘጋጁን ሚስተር ሆራስ ግሪምሾን ደጅ ጠንቶ፣ አባቴ እየሞተ ነውና አንድ ጊዜ አሸንፌ ይየኝ ብሎ ለምኖት ነበር። ቴድ ሞስክሮፕ በጉልበትም በብልሃትም የሚበልጠው ሲሆን፣ ነገሩ ሲነገረው ያለ ብዙ ቃል እሺ ብሎ ጀርባውን ለመድረኩ ሸራ ሰጠ። ግሪምሾ ግን ውለታን በከንቱ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ «ከእንግዲህ ሁን የምልህን ትሆናለህ» አለው። ዓመት ሳይሞላ ቀበቶው ወደ ሌላ ሰው ወገብ ተላለፈ፤ ክሊፎርድም እፉኝት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ግሪምሾ ቢሮ ሄዶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«አንዲት ቅዳሜ ብቻ ናት፣ ጌታዬ። ከዘወትር ተጋጣሚዬ ከጄራልድ ፌርክላፍ ጋር በሕጉ ልታገል። እርሱ ያሸንፍ፤ እኔ እጁን ጨብጬ ልውረድ።»

ግሪምሾ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «ክሊፍ፣ ሕዝቡ የሚመጣው ፌርክላፍን ለማየት ይመስልሃል? ፌርክላፍን እኮ ሚስቱም አታየውም። የሚመጣው አንተ ስትደቆስ ለማየት ነው። እጅ የጨበጥክ ዕለት እፉኝቱ ሞተ፤ የሞተ እባብ ደግሞ ሕፃን በእንጨት ይጎትተዋል።»

«እናቴ እየሞተች ነው፣ ጌታዬ።»

«ባለፈው አባትህ ነበር።»

ግሪምሾ ይህን ሲናገር ለማሾፍ አልነበረም፤ የሆነውን ማስታወሱ ብቻ ነበር።

«አርባ ስድስት ዓመትህ ነው» አለው አዘጋጁ፣ ድምፁን አለዝቦ። «ሌላ ምን ሥራ ታውቃለህ? አባትህ የሠራበት ጉድጓድ እንደሆነ ተዘግቷል። በል ሂድ፤ ለእናትህም ሰላምታዬን አቅርብ።»

ክሊፎርድ ሦስት ቀን አሰበ። ሐሙስ ዕለት ግን ቆረጠ፤ ሥራዬ ቢቀርም ይቅር፤ እናቴ አጭበርባሪ ወለድኩ ብላ አትሞትም ብሎ መጣ። ሃናን አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው አገኛቸው፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ የምነግርሽን ለማንም አትናገሪም?»

«ለማን ልናገር? ለግድግዳው?»

«ግድግዳውማ ጆሮ አለው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የሰው ዓይን ወግቼ አላውቅም። ጣቴ የሚያርፈው ቅንድቡ ላይ ነው። ፌርክላፍ ጓደኛዬ ነው፤ የሚጮኸው አብረን ተለማምደነው ነው። ገመዱም አያንቀውም። አስቀድመን ተነጋግረን ነው የምንገባው።»

የሃና ፊት እንደ ተከፈተ መስኮት በራ። «አትወጋውም?»

«አልወጋውም።»

«የደንቆሮ ነገር! ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚያ ለፌርክላፍ ዓይን ጭምር ስጸልይ የኖርኩት!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ ሰጣቸው። ጠጥተው ብርጭቆውን ሳይመልሱለት ቀና አሉ።

«ተነጋግረን ነው ያልከው? ማን እንደሚወድቅም ትነጋገራላችሁ?»

«እ… አዎን።»

«እንግዲያው አግነስ እውነቷን ነበር።»

«የቷ አግነስ?»

«የቴድ ሞስክሮፕ ሚስት ነቻ። አባትህን በቀበርን በሳምንቱ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ‹ቴድ እኮ ለአሞስ ብሎ ተኛለት› አለችኝ። ልታጽናናኝ መስሏት ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አልኳት። እኔን ብለው በጸሎት ቤቱ አጠገቧ መቀመጥ የተዉ ስንት ናቸው! ባሏ ሲሞት እንኳ ደጇን አልረገጥኩም። ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።» ብርጭቆውን አልጋው አጠገብ አስቀመጡ። «ክሊፎርድ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። አባትህ ያየው ውሸት ነበር?»

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ክሊፎርድ ሁለት መንገድ ብቻ ታየው። ወደ ፊት ቢሄድ አባቱን ከመቃብር አውጥቶ ዳግመኛ መቅበር ሆነበት፤ እናቱንም የሰው ስም አጥፍተሽ ኖርሽ ብሎ በሞት አፋፍ ላይ መክሰስ ሆነበት። ወደ ኋላ ቢመለስ የሚቀበረው እርሱ ብቻ ነው። በሪንግ ውስጥ ከማናቸውም አያያዝ ማምለጥ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ከዚህኛው ግን መውጫ አላገኘም።

«አይደለም፣ እማዬ» አለ። «አግነስ ዋሽታለች። እኔም አሁን ዋሸሁሽ። እንዳትቀየሚኝ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ዓይኑን እወጋዋለሁ።»

«እውነት ትወጋዋለህ?»

«እወጋዋለሁ።»

ሃና ብዙ ጊዜ ትክ ብለው አዩት። ከዚያም እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«ኃጢአትህን ስለ ተናዘዝክ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ፌርክላፍንም ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው።»

«እሺ» አለ ክሊፎርድ፤ ያልሠራውን ኃጢአት ይቅርታ ተቀብሎ በጓሮው በር ወጣ።

ሃና ሪግቢ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አረፉ። ልጃቸው በዚያ ሰዓት በብራድፎርድ ሪንግ ውስጥ ነበር። አልጋቸው አጠገብ የተቀመጠችው ኤዲት ዊንስታንሊ ከቤቷ በግድግዳው በኩል የሚመጣው እርግማን አሳፍሯት «ሄጄ ቴሌቪዥኑን ላጥፋባቸው?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ተዪያቸው፤ ልጄ ሥራ ላይ ነው» አሏት።

በቀብሩ ላይ ሰው ለክሊፎርድ መንገድ ለቀቀለት፤ በአክብሮት ግን አልነበረም። «እፉኝት እናቱን ገድሎ ነው የሚወለደው፤ ይኼኛው ዘገየ እንጂ» ሲሉ ሰማ። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ አግነስ ሞስክሮፕን ከአጥሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማ አገኛትና ወደ እርሷ ሄደ።

«እውነትዎን ነበር፣ ሚስስ ሞስክሮፕ። ቴድ ተኝቶልኛል። የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ የማላውቀው መስሎህ ነው የምትነግረኝ?» አለች። «ቴድ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ለእናትህ ነገርካት?»

«ጠይቃኝ ነበር። አግነስ ዋሽታለች አልኳት።»

አግነስ የጓንቷን ጣቶች አንድ በአንድ አስተካከለች።

«እሑድ ጸሎት ቤት ና» አለች በመጨረሻ። «መጽሐፍ ሳይነበብ ተነሥተህ አሁን ያልከኝን በል። ሠላሳ ሰው አንሞላም። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው።»

ክሊፎርድ ወደ ትኩሱ አፈር ዞሮ አየ። እሑድ የተነገረ ነገር ሰኞ ዊጋንን ሁሉ ያዳርሳል፤ ማክሰኞ ግሪምሾ ዘንድ ይደርሳል፤ የአሞስም የሃናም ስም ከመቃብር ወጥቶ በየሻዩ ላይ መወያያ ይሆናል።

«እኔ ራሴ እቀመጣለሁ፤ አጠገብዎ» አለ።

«አንተ ከተቀመጥክማ የፊተኛውም ረድፍ ይለቅቃል» አለችና ዣንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

እሑድ አልሄደም።

ክሊፎርድ ሪግቢ እስከ 1968 ድረስ ታገለ፤ በሞተም ጊዜ ጋዜጣው አሥራ አራት መስመር ሰጥቶ «በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት ግፈኛ» ሲል አሰናበተው። በትግል የታሪክ መዛግብትም የ1937ቱ የቦልተን ግጥሚያ በንጹሕ ድል ተመዝግቧል። ታሪክ ሁለቱንም ያገኘው በዓይናቸው ካዩ ሰዎች ነውና አይወቀስም። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚጻፍበት የጸሎት ቤቱ የመቀመጫ መዝገብም እስከ ዛሬ አለ፤ ማንም ስለ ትግል ሲያጠና አይገልጠውም። ስድስተኛው ረድፍ ለአራት ሰው የሚሆን ነው፤ ከ1937 መጨረሻ አንሥቶ አግነስ ሞስክሮፕ እስካረፈችበት እስከ 1964 ድረስ በዚያ ረድፍ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ አልተጻፈም።