ልብ እስኪረጋ

«ቡና፣ ሻይ፣ ኢነርጂ መጠጥ፣ ከትናንት ወዲህ ቀምሰሻል?» ስትል የምርመራ ባለሙያዋ ጠየቀች።

«ኧረ ምንም!» አለች ልጅቷ፣ የሲቲ ስካኑ አልጋ ላይ እንደተጋደመች።

ውሸቷን ነው። ጠዋት ከጓደኛዋ ጋር አንድ ጣሳ ኢነርጂ ግጥም አድርጋ ጠጥታለች። ይህን ካመነች ምርመራው በሳምንት ይራዘማል፤ የልብ ሐኪሙ ደግሞ ምስሉን ሳያይ ቅዳሜ እንድትሮጥ አይፈቅድላትም። ስንት ወር የለፋችበት ውድድር!

ባለሙያዋ የልጅቷን የልብ ምት አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «ዘጠና ስምንት! ማረጋጊያውን ኪኒን ውጠሽም? ምን ያስሮጥሻል፣ ፌንጣዬ?»

ፌንጣዬ! ይህን ስም ከሰማች ስምንት ዓመት አለፋት። ያኔ፣ ከቀዶ ሕክምናዋ በፊት፣ እዚሁ ክፍል አልተኛም ብላ ስትዘል ስሙን ያወጣችላት ይህችው ሴት ነበረች። አልተቆጣቻትም። አሻንጉሊቷን አልጋው ላይ አስተኝታ፣ «እስቲ ሦስታችንም ትንፋሽ እንያዝ» እያለች ረፋዱን ሙሉ አለማመደቻት። አባባ ያንን ጨረር የሚከላከል ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ እግሯን ይዞ ያንጎራጉርላት ነበር። ወረፋ ጠባቂዎቹ ሲያጉረመርሙ ባለሙያዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ታገሡ! ሳትረጋ አንስቼ እዚች ልጅ ላይ ጨረር ሁለቴ አልለቅም» አለቻቸው። እንዴት ደስ የሚል ቀን ነበር! ዛሬ አባባ «ልግባ?» ሲላት፣ «ትልቅ ልጅ ነኝ እኮ» ብላ ኮሪደር ላይ አስቀምጣዋለች። አሁን ቆጫት።

«ልብሽ ቢረጋ ማሽኑ ጨረሩን ብልጭ አድርጎ ያቆማል» አለች ባለሙያዋ። «እንዲህ ሲጋልብ ግን ምስሉ እንዳይደበዝዝ ረዘም አድርጌ መልቀቅ አለብኝ። ያለ ምክንያት ከሆነ ምን ይደረግ? ምክንያት ካለው ግን አንድ ሳምንት መጠበቅ ምን አለው?»

«ልናገር ይሆን?» አለች ልጅቷ በልቧ። ጓደኛዋ ብትሰማ «ፋራ!» ብላ ነው የምትስቅባት። ባለሙያዋ ከመስታወቱ ጀርባ ወዳለው መቆጣጠሪያ ክፍል ገባች፤ በሩም ተዘጋ። አልጋው ቀስ እያለ መንሸራተት ጀመረ።

«እትዬ፣ ቆይ!» ልጅቷ እጇን አነሳች። «ጠጥቻለሁ። ኢነርጂ፣ ሙሉ ጣሳ።»

አልጋው ቆመ። ባለሙያዋ ተመልሳ መጥታ፣ በልጅቷ ደረት ላይ የተለጠፉትን የልብ ምት መለኪያ ገመዶች አንድ በአንድ ነቀለችላት።

«ቅዳሜ ሩጫ እንዳለሽ አባትሽ ነግሮኛል። ይቀርብሻል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። ጫማዋን አጥልቃ ወደ መዝጋቢዋ ሄደችና የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ ራሷ አስያዘች።